ከበረካ ወደ አቦል፦ በጅማ መንገድ ዳር በውሃ ቀለም መሳል

ደጅ ወጥቶ የሚስል ሰው የሚሽቀዳደመው ከሚሄድ ነገር ጋር ነው። ጥላው ይሄዳል። ቡና የሚጠጣው ሰውዬ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ባጃጁ ተሳፋሪ እንዳገኘ ይሄዳል። ሰማዩ የጅማ ሰማይ ከሆነ ደግሞ አሁን ወገግ ብሎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይጠቁራል።

መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ወረቀት ሳልጨርስ ይዤ የምመለሰው እጄ ስላልተፍታታ ይመስለኝ ነበር። ችግሩ የቅደም ተከተል መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ከቦታው የማይነቃነቀውን ግድግዳ ሳሳምር፣ ግድግዳውን ያሳመረው ጥላ ጥሎኝ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፤ ቀድሞ የሚሄደውን ቀድሜ እይዛለሁ። ከዚህ በታች የማሳያችሁ አሠራር በሙሉ በዚህ ደንብ ላይ የቆመ ነው። ሥዕል ተምራችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ትችሉታላችሁ።

ዕቃችሁን አዘጋጁ

ለወረቀት አትሰስቱ። ሌላው ሁሉ ምትክ አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። ፎቶ ኮፒ ቤት የምናውቀው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው። ውሃ ሲነካው ያብጥና ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ጎድጎድ ባለው ቦታ ይተኛል። ለውሃ ቀለም የሚሠራው ደህናው ወረቀት 300 ግራም ነው፤ ለልምምድ 200 ግራሙም አያሳፍርም። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ግራም አንብቡ፣ ፊቱንም በጣታችሁ ዳብሱት። ትንሽ ሻከር ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ውፍረቱን ብቻ አይቼ የገዛሁት ወረቀት ፊቱ የሚያብለጨልጭ ነበር፤ ውሃው እንደ ጎመን ቅጠል ላይ ጠል ድቡልቡል ብሎ ቀረ፣ ቀለሙ አልይዝ አለ። አንዱን ሉክ አራት ወይም ስምንት ቦታ ቁረጡት። የፖስታ ካርድ የሚያህል ወረቀት ለመንገድ ሥዕል ይበቃል፤ ትልቅ ወረቀት ጊዜ ይበላል።

ቀለም አምስት ይበቃችኋል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና፣ የሎ ኦከር፣ ሌመን ቢጫ እና አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለው ጥቁር ቀይ። ጥቁር ቀለም አትያዙ። ለምን እንደሆነ ጀበናው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ቱቦ ቀለም ካላችሁ አምስት ቆርኪ ለቅሙ፣ እጠቡ፣ ቀለሙን በየቆርኪው ጨምቁና ጥላ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ቀን አድርቁት። የውሃ ቀለም ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው የግራር ሙጫ ነው፤ በአገራችን ቆላ ከሚለቀመው ሙጫ ጋር አንድ ዓይነት። ይህ ሙጫ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ስለዚህ የደረቀው ቀለም አልተበላሸም፤ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ይነቃል። ቆርኪዎቹን ክዳን ባለው የብስኩት ወይም የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አጣብቋቸው። ቀለም ለመደባለቅ ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ውሰዱ። ነጭነቱ ግዴታ ነው፤ ቀለማችሁ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚታየው በነጭ ላይ ነው።

ብሩሽ አንድ ብቻ፣ ክብ፣ 8 ወይም 10 ቁጥር። ስትገዙ በውሃ ነክራችሁ አራግፉት፤ ጸጉሩ ተሰብስቦ ጫፉ እንደ መርፌ ከሾለ ጥሩ ነው። በጫፉ ቀጭን መስመር፣ በሆዱ ሰፊ ቦታ ይሠራል። በትንሽ ብሩሽ የጀመረ ሰው ቅጠል ሲቆጥር ይመሻል።

ቀሪው ቀላል ነው። ሁለት ሃይላንድ ከወገባቸው ቆርጣችሁ አንዱን ለማጠቢያ፣ አንዱን ለንጹሕ ውሃ አድርጓቸው። እርሳስ ኤችቢ ወይም ቱቢ፣ ላጲስ፣ ወረቀቱን ደረቅ ካርቶን ላይ የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ወይም ሶፍት፣ ዝናብ ከመጣ ሁሉንም የሚሸፍን ፌስታል። በእስክሪብቶ መሥራት የምትወዱ ከሆነ ቤት ፈትሹት፦ መስመር አስምሩ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ በእርጥብ ብሩሽ እለፉበት። ተራው እስክሪብቶ አብዛኛውን ጊዜ ይጸናል፤ ጄል የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ፈስሶ ገጹን ያጠቁረዋል።

መቀመጫም አስቡ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆመው ያለ ነገር አይደለም። ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይነቃነቅም፤ አራት እግር ያለው ግን አንዱ እግሩ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። ከባድ ስለሆነ ተሸክማችሁ አትዞሩም፤ ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ጋ ካገኛችሁት ግን እሱ ላይ ተቀመጡ። የሚስል እጅ እርጋታ ይፈልጋል።

ከመውጣታችሁ በፊት በቡና ተለማመዱ

ይህን ምዕራፍ አትዝለሉት። የመንገድ ሥዕል የሚቆመውም የሚወድቀውም በቀለም ምርጫ ሳይሆን በጨለማና በብርሃን ልክ ነው። ለዚህ ደግሞ ጅማ ላይ ከቡና የተሻለ አስተማሪ አይገኝም።

ወፍራም ጥቁር ቡና ያለ ስኳር አስቀዱ። ስኳር ካለበት ገጹ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ሦስት ስኒ ደርድሩ። አንደኛው ውስጥ ቡናውን እንዳለ አድርጉ፤ ይህ አቦል ነው። ሁለተኛው ውስጥ ግማሽ ቡና ግማሽ ውሃ፤ ይህ ቶና ነው። ሦስተኛው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቡና አድርጋችሁ በውሃ ሙሉት፤ ይህ በረካ ነው። ከሦስቱም ወረቀት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀቡና ይድረቁ። አቦሉ አሁንም ከሳሳ ቡናውን እሳት ላይ አድርጋችሁ አወፍሩት።

አሁን በመስኮት የሚታየውን ማናቸውንም ነገር በእነዚህ ሦስት ብቻ ሳሉ። ዓይናችሁን ጨፈን ከፈት አድርጋችሁ፣ በሽፋሽፍታችሁ መሃል ተመልከቱ። ዝርዝሩ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጨለማውና ብርሃኑ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ቦታ የወረቀቱ ነጭ ነው፣ አይነካም። ሰማይና ሩቅ ኮረብታ በረካ፣ የግድግዳ ጥላና ዛፍ ቶና፣ የተከፈተ በር ውስጡና ከመኪና ሥር ያለው ጨለማ አቦል።

እዚህ ላይ ከቡና ሥርዓት የምንለይበት ነገር አለ። ቡና ከአቦል ይጀምራል፤ የውሃ ቀለም ከበረካ ይጀምራል። ቀለሙ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ጥቁሩን በነጣ ቀለም መሸፈን አይቻልም። መጀመሪያ ስሱን ቀብታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በላዩ ቶናውን፣ መጨረሻ አቦሉን ታመጣላችሁ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ደግሞ ይፈዛል፤ እርጥብ ሳለ ትንሽ የጠቆረ ከመሰላችሁ ልኩ ያ ነው። አምስት ስድስት ትንንሽ ገጽ በቡና ከሠራችሁ በኋላ ቀለሙን ይዛችሁ ውጡ።

ቦታና ሰዓት

ጅማ ወገብ አጠገብ ናት፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ8 ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ ቀን 6 ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ትሆናለች፣ ጥላው ከእግር ሥር ይገባል፣ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ውጡ። ያን ጊዜ ጥላው ረጅም ነው። የአንዱ ቤት ጥላ የሌላውን ግድግዳ ይቆርጣል፣ የመንገዱ ጉብታና ጉድጓድ በጥላው ይታወቃል።

ቦታ ደጋግሞ ለሚስል ሰው ደግሞ ይህን ልጨምር፦ በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ታልፋለች፣ በሰኔ በሰሜን በኩል። በበጋ ቀኑን ሙሉ ብርሃን የሚጠግብ ግድግዳ በክረምት መግቢያ ጥላ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንዱን ግድግዳ በሁለቱም ወቅት ሳሉት፤ ሁለት የተለያየ ቤት ይመስላችኋል።

ለጀማሪ የምመርጠው የአወቱን ወንዝ ዳር ነው። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ ቡና አለ፣ የሚቸኩል ሰው ብዙ አይደለም። ፈረንጅ አራዳ በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ቤቶች ስላሉ ለበርና ለመስኮት ልምምድ ጥሩ ነው። መርካቶና ሄርማታ፣ በተለይ ሐሙስ፣ እጃቸው ለፈጠነ ሰዎች ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ብትሄዱ ግርግሩ ያስደነግጣችኋል። ጅሬን ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። የእንጨት ሰገነቱ ውብ ነው፣ ግን ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ምሰሶው ብዙ ነው። እዚያ ከወጣችሁ መጀመሪያ ጀርባችሁን ለቤተ መንግሥቱ ሰጥታችሁ ከታች የተዘረጋችውን ከተማ ሳሉ። ኮረብታው በሦስት ልክ ሰማያዊ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ። “አካም ጅርቱ” ብሎ የጀመረ ሰው ግማሹን ፈቃድ አግኝቷል። ቡና እዘዙ፣ ከዚያ “እዚህ ተቀምጬ ብስል ይከብዳችኋል ወይ?” በሉ። ሰው ፊቱ እንዲታወቅ አድርጋችሁ የምትስሉት ከሆነ ራሱን ጠይቁ፤ እምቢ ካለ በፈገግታ ተዉት። ኬላ፣ ፖሊስ ጣቢያና ባንክ በር ላይ ወረቀት ዘርግታችሁ አትቀመጡ። ልጆች መክበባቸው አይቀርም። አንድ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ትርፍ ያዙና ለአንዱ ስጡት፤ ሌሎቹ ከእናንተ ወደ እሱ ይዞራሉ፣ እናንተም ትሠራላችሁ።

ሥራው፦ አንዲት ቡና ሻጭ ከዛፍ ሥር

አሠራሩን በአንድ ሥዕል ላሳያችሁ። በጥር አንድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ አወቱ አጠገብ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። ከፊቴ ረከቦት፣ ጀበና፣ ከሰል ምድጃና ነጠላዋን ያጣፋች ልጅ። ከኋላዋ የነጣ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ጣሪያ። መንገዱ ቀይ አፈር።

1. ቁረጡ። ዓይን ሁሉን ልሳል ይላል፤ አትስሙት። ካርቶን ላይ ክብሪት ሳጥን የሚያህል ቀዳዳ ቁረጡና በእሱ ተመልከቱ። እያራቃችሁ እያቀረባችሁ አንድ ዋና ነገርና ከኋላው አንድ ግድግዳ ብቻ እስኪቀር ፈልጉ። የእኔ ዋና ነገር ልጅቷና ጀበናው ናቸው። ወንዙን፣ ድልድዩን፣ የመብራት ምሰሶውን ተውኳቸው።

2. ጥላውን በእርሳስ ክበቡ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር የጥላው ዳር ይሁን። የዛፉ ጥላ በግድግዳው ላይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የልጅቷ ጥላ በአፈሩ ላይ ወዴት እንደወደቀ። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ ዳር ላይ ሰዓቱን ጻፉና የፀሐይዋን አቅጣጫ በትንሽ ቀስት አመልክቱ። በ3 ሰዓት ጥላው ሌላ ቦታ ይሆናል፤ እናንተ ግን የ2 ሰዓት ከሩቡን ይዛችኋል፣ ከእሱ ንቅንቅ አትበሉ። ጀማሪን ከሁሉ የሚያበላሸው ጥላው በሄደ ቁጥር እየተከተሉ ማስተካከል ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ፀሐይ ያለበት ገጽ ይሆናል።

3. ቀጥሎ ሰው። የሰው ፊት አትጀምሩ። ራሱ አንድ የባቄላ ፍሬ፣ ትከሻና ወገቡ አንድ ከረጢት፣ ጉልበቱ አንድ ጉብታ። የተቀመጠ ሰው ቁመቱ የራሱን አራት እጥፍ ያህል ይመጣል። ደንበኛው ከተነሳ አትደንግጡ፤ በዚያው በርጩማ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ እንደዚያው ጎንበስ ይላል፣ ስኒውን እንደዚያው ይይዛል። የመጀመሪያውን ትከሻ ከሦስተኛው እጅ ጋር አገጣጥሙት። ሊስትሮው ጋ የሚቆመውም፣ ባጃጁም እንዲሁ ነው። የሄደው አንዱ ነው እንጂ ዓይነቱ ተመልሶ ይመጣል።

4. የሚቆየውን በመጨረሻ። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የዛፍ ግንድ። ቀጥ ያሉ ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። እርሳሱን አታጥቁሩ፤ ከቀለሙ ሥር ይታያል። እስከዚህ ሁሉም ተደምሮ ከአሥር ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

5. በረካ። ብሩሹን በደንብ አርጥቡ። ሰማዩን በጣም በቀጠነ አልትራማሪን፣ አፈሩን በቀጠነ በርንት ሲየና፣ ግድግዳውን በጥቂት የሎ ኦከር። የልጅቷን ነጠላ ግን አትንኩ። ነጠላ አይሳልም፤ ከኋላው ያለው ይሳላል። ዙሪያውን ስትቀቡ ነጠላው ራሱ ብቅ ይላል። በጀበናው ትከሻ ላይም የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ተዉ።

እዚህ ስለ በርንት ሲየና ጥቂት ልበል፤ ጅማ ላይ ከሁሉ ቀለም በፊት የሚያልቀው እሱ ነውና። ስሙ ከጣሊያን ከተማ ከሲየና የመጣ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ግን ብረት ያለበት አፈር ነው። ጥሬው ቢጫማ ነው። እሳት ላይ ሲቆላ በውስጡ ያለው ውሃ ይተንና ልክ እንደ ቡና ይቀላል። የጅማን አፈር ያቀላውም የብረት ዝገት ነው፣ የቆርቆሮው ዝገትም ያው ብረት ነው። ስለዚህ አፈሩን፣ ጣሪያውንና ሸክላውን በአንድ ቀለም ስትቀቡ ማጭበርበር አይደለም፤ ነገሩ ከሥሩ አንድ ነው። ልዩነቱን በውሃው መጠን አምጡት።

6. ጠብቁ። ቡናችሁን ጠጡ። እርጥብ ወረቀት ሦስት ደረጃ አለው፦ ውሃው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅበት፣ ወዝ ብቻ የቀረበት፣ የደረቀበት። በመጀመሪያው ደረጃ ሌላ ቀለም ብትጥሉበት ተቀላቅሎ ይለሰልሳል። በመካከለኛው ደረጃ ግን ፈጽሞ አትንኩት፤ ከብሩሹ የሚወርደው ውሃ ግማሽ የደረቀውን ቀለም እየገፋ የጎመን ቅጠል የመሰለ የተቦጫጨቀ ዳር ይሠራል፣ እሱ ደግሞ አይጠፋም። መድረቁን ለማወቅ የጣታችሁን ጀርባ ወረቀቱ ላይ አሳርፉ። ከቀዘቀዛችሁ ገና ውሃ እየተነነ ነው። በበጋ ፀሐይ አምስት ደቂቃም አይፈጅ፤ በሐምሌ ግን ሁለት ስኒ ቡና ያስጠጣችኋል።

7. ቶና፣ ማለትም ጥላው። የሥዕሉ ነፍስ ይህ እርከን ነው። አልትራማሪንን ከጥቂት በርንት ሲየና ጋር ቀላቅሉ፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ይወጣል። ቀድማችሁ በእርሳስ የከበባችሁትን ጥላ በሙሉ፣ ግድግዳውንም መሬቱንም ልጅቷንም ሳትለዩ፣ በአንድ ቀለም በአንድ ትንፋሽ ሙሉት። ጥላ በየዕቃው ተቆራርጦ ሲሳል ቁርጥራጭ ይሆናል፤ በአንድ ሲፈስ ግን ልጅቷና ዛፉ አንድ ጠዋት ውስጥ ይገባሉ። አትመላለሱበት። አንድ ጊዜ ካለፋችሁበት ተዉት።

ጣሪያውም በዚህ እርከን ነው። ቆርቆሮው ላይ የሎ ኦከር አፍስሱ፣ ገና ሲያብረቀርቅ በርንት ሲየና ሁለት ሦስት ቦታ ጠብ አድርጉበት፤ ዝገቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ሲደርቅ የቆርቆሮውን ሽንትር አራት አምስት መስመር ብቻ ከዳር በኩል አስምሩ። ሁሉንም ሽንትር መቁጠር ጣሪያውን ወደ ማበጠሪያ ይለውጠዋል።

8. አቦል። አልትራማሪንና በርንት ሲየናን በጣም ጥቂት ውሃ ውስጥ አወፍሯቸው። ከቱቦ ከሚወጣው ጥቁር የበለጠ ሕይወት ያለው ጥቁር ታገኛላችሁ፤ ሲየናው ሲበዛ የሞቀ፣ ሰማያዊው ሲበዛ የቀዘቀዘ። ጀበናውን በእሱ ሳሉ። መጀመሪያ ሆዱ፣ በብሩሹ ሆድ አንድ ዙር። ሳታነሱ ወደ አንገቱ፣ እየቀጠነ። ከዚያ በጫፉ አፍንጫውና እጀታው። ትከሻው ላይ የተዋችሁትን ነጭ ፍሬ አትንኩ። በአንድ ወቅት ከጎኔ ቆመው ሲያዩ የነበሩ አዛውንት “ልጄ፣ ጀበናው ጥቁር አይደለም እንዴ፣ ያቺን ለምን ነጭ ተውካት?” አሉኝ። “አባባ፣ እዚያ ላይ ፀሐይ አርፋለች” አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ጀበናውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና ጀበናውን አዩ። “እውነትም አለች” አሉ።

አቦሉ ጥቂት ቦታ ብቻ ይውደቅ፦ ጀበናው፣ ከማቶቱ ሥር፣ የልጅቷ ጸጉር፣ የበሩ ውስጥ። የተቀረው ሳይነካ ይቅር።

ስለ አረንጓዴው

ጅማ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናት፣ ለሰዓሊም ከዝናቡ የባሰ ፈተና ይኸው ነው። ከሳጥኑ የሚወጣውን አረንጓዴ እንዳለ ብትቀቡት ገጹ የላስቲክ ምንጣፍ ይመስላል። ቀላቅሉ። አልትራማሪንና ሌመን ቢጫ ብሩሕ አረንጓዴ ይሰጣሉ፣ አልትራማሪንና የሎ ኦከር የተረጋጋ፤ ሁለቱንም በርንት ሲየና ጠብታ ያበርዳቸዋል።

አንድ ቅጠል ቀርባችሁ ተመልከቱ። የሙዝ ወይም የእንሰት ቅጠል በእናንተና በፀሐይዋ መሃል ሲሆን ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይበራል፣ አጥንቱ ይታያል። ያንኑ ቅጠል ዞራችሁ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ እዩት፤ አሁን የሚያሳያችሁ የሰማዩን ነጸብራቅ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቡና ቅጠል ደግሞ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፤ ጥቁር አረንጓዴው ላይ የቀጠነ የሰማይ ቁራጭ ተዉለት፣ አለዚያ የማናቸውም ዛፍ ቅጠል ይሆናል። ባሕር ዛፍ ግራጫ ይፈልጋል። ሩቅ ኮረብታ ላይ ያለ ደን ደግሞ አረንጓዴ መሆኑን ብታውቁም ሰማያዊ ቀቡት፤ የምትስሉት የሚታየውን ነው።

ዝናብ ሲመጣ

ነፋሱ በድንገት ከቀዘቀዘና ጉልት ላይ ያሉት እናቶች ሸራ ማንሳት ከጀመሩ፣ ከማናቸውም የአየር ትንበያ በፊት እነሱን እመኑ። ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ፣ ቀለሙን ወደ ቆርቆሮው፣ ራሳችሁን ወደ በረንዳ። ደመናማ ቀን ግን ሥራ አያስፈታም። ጥላ ስለሌለ ሥዕሉን የሚይዘው ነገር ርቀቱ ነው፦ ቅርቡ አቦል፣ መካከሉ ቶና፣ ሩቁ በረካ። ወረቀቱ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰማዩንና ኮረብታውን እርጥቡን በእርጥብ አፍስሱት፤ የነሐሴን ጭጋግ በበጋ ብትለፉ አታመጡትም።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ከኋላው ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ብሩሹን አጥባችሁ ጫፉን በጣታችሁ አሹሉ፣ በጸጉሩ አታቁሙት። ቤት ስትገቡ የቀለም ቆርቆሮውን ክፍት አሳድሩት። በክረምት እርጥቡን ከዘጋችሁበት ሙጫው ሻጋታ ይይዛል። ወረቀቶቹንም ከግድግዳ አርቃችሁ በደረቅ ካርቶን መሃል አስቀምጡ።

ከቦታው ሳትነሱ ደግሞ ሥዕሉን ላስተናገደቻችሁ ሰው አሳዩ። ያን በጥር የሠራሁትን ገጽ ሳሳያት ልጅቷ ነጠላዋን አላየችም፣ ጀበናውንም አላየችም። ረከቦቱን በጣቷ ቆጠረች። “ወንድሜ፣ ስኒዎቼ ስድስት ናቸው። አንተ አምስት ነው ያደረግከው” አለችኝ። ስድስተኛው ያኔ ደንበኛ እጅ ላይ ነበር።

የደረቀ ቀለም ላይ ነጭ ነገር መጨመር ከፈለጋችሁ መንገዱ ይህ ነው። ብሩሹን አጥባችሁ በንጹሕ ውሃ ስኒው የሚሆንበትን ቅርጽ ብቻ አርጥቡ። እስከ ሃያ ቁጠሩ፤ ሙጫው ይሟሟል። ከዚያ ሶፍት ጫን አድርጋችሁ አንሱ፣ አትሹት። ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ስታነሱ ወረቀቱ ወደ ነጭ ይመለሳል። ሲደርቅ ከሥሩ የአቦል ቀጭን መስመር ስጡት። ስድስተኛውን ስኒ እንዲህ አድርጌ እዚያው እፊቷ አስቀመጥኩት፤ “ገለቶማ” ብላ በረካውን ቀዳችልኝ።